ማጂ አልጠራም

በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጀመረው ዝናብ እስከ ኅዳር አላባራም።

ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ ሻገተ። ድልድዮች ተወሰዱ። ከሚዛን ማጂ የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ። ጨው ጠፋ። ወባ ገባ። ሰው ተቀበረ።

ስለዚያ ዓመት ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነ ነው። ያላመነ ይተወው፤ ሰው ላሳምን አልጻፍኩትም። እኔ በወረቀት ነው የጻፍኩት። ወደዚህ ቻናል የገለበጠችው ሌላ ሰው ናት። ማን እንደሆነች ትደርሱበታላችሁ።

ቦታው ቴፒ፣ የገዛ ቤቴ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ጥር 2017። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ ነበረ። እንዲህ ያለ ነገር ጨለማ ይጠብቃል ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

ዓለምሰገድ እባላለሁ። ሰባ ዓመቴ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ወታደር ቤት ገባሁ። እዚያ ሞርስ አስተማሩኝ። ከዚያ ስወጣ አንድ የቡና እርሻ በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ቀጠረኝ።

ሞርስ ድምፅ ነው። አጭር አለ፣ ረጅም አለ። ሌላ የለውም። አጭርና ረጅሙን እያቀያየርክ ፊደል ትሠራለህ፣ ከፊደሉ ቃል ትሠራለህ። መምቻ የምንላትን ትንሽ ብረት በጣትህ እየተጫንክ ትልካለህ። ማዶ ያለው ሰው በጆሮው ሰምቶ ይጽፋል።

ሁለት ሕግ ነበረን።

አንድ፦ መልእክቱን በወረቀት ሳትጽፍ «ተቀብያለሁ» አትልም።

ሁለት፦ «ተቀብያለሁ» ሳትባል ከወንበርህ አትነሳም።

«ተቀብያለሁ» አንድ ፊደል ናት። አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። አንዲት ሰከንድ አትፈጅም።

ሁለቱን ሕግ ያዙልኝ።

የዚያን ማክሰኞ ልወጣ ጫማዬን ሳስር አንዲት ሴት ቦርሳ አንግታ በሩ ላይ ቆመች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው።

«ጋሽ ዓለምሰገድ እርስዎ ነዎት? ሩሐማ እባላለሁ። ሚዛን የቴክኒክ መምህርት ነኝ። ሞርስ የሚያውቅ ሰው ሳፈላልግ ወደ እርስዎ ላኩኝ።»

ባለቤቴ አስካለች ከጓዳ ሳቀች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልፈለገው እውቀት! ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ዛሬ እንኳ እንግዳ ያስቀምጠው።»

«የምሄድበት አለኝ» አልኩ።

«የት? ቡና ሥር ቆመህ ቅጠል ልትቆጥር?»

እውነቷን ነበር። ስምንት ሰዓት ሲደርስ እወጣለሁ። ቡናው መሀል እቆማለሁ። ስምንት ተኩል ሲሆን እመለሳለሁ። ለምን እንደሆነ ነግሬያት አላውቅም።

ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ። በእንግዳ ፊት መነሳት ነውር ነው።

ሩሐማ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።

«ትንሽ ፕሮግራም ናት ጋሼ። ሃምሳ ስምንት ባይት ብቻ። አንድ የስልክ መልእክት እንኳ ይበልጣታል። አሴምብሊ በሚባለው ነው የጻፍኳት... ለማሽኑ በገዛ ቋንቋው፣ ‹ይህን አንሳ፣ ይህን ቁጠር፣ ድምፁን ክፈት፣ ዝጋ› እያልኩ አንድ በአንድ። አጭሩን አንድ ትቆጥራለች፣ ረጅሙን ሦስት። ከዚህ ሌላ የምታውቀው የለም። ድምፁ ልክ መሆኑን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«አሰሚኝ።»

ሰላም ብላ በላቲን ፊደል ጻፈች። እኛም ድሮ በላቲን ነበር የምንልከው።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ... ጢጥ...

ሁለቱ ፊደሎች በደህና አለፉ። ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያው ረጅም መጣ።

ረጅሙ ተጎተተ።

ሦስት አልነበረም። አራት ተኩል ያህል ሄደ፤ ደክሞት እንደሚራመድ ሰው።

ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አልኩ።

ኦፕሬተር እጅ አለው። እንደ መልክ ነው። መቶ ሰው ቢመታ የማን እጅ እንደሆነ በሁለት ፊደል ትለያለህ። ማሽን እጅ የለውም።

ይህ ማሽን እጅ ነበረው። እጁንም አውቀዋለሁ።

የጴጥሮስ እጅ ነው።

ጴጥሮስ የሸዋ ቤንች፣ የሚዛን አካባቢ ልጅ ነበር። አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን ሞርስ የተማርን ጓደኛዬ ነው። ልጅ ሳለ ገጀራ የቀኝ አመልካች ጣቱን ከግማሽ ወስዶበታል። በመሀል ጣቱ ስለሚመታ ረጅሟን ይጎትታታል። እንስቅበት ነበር። እርሻው እኔን ቴፒ፣ እሱን ማጂ መደበን። በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠራኝ ነበር።

የሞተው በ1981 ጥቅምት ላይ ነው።

ብድግ አልኩ።

«ማነው የላከሽ?»

«ምን... ጋሼ?»

«ይህን ድምፅ ከየት ቀዳሽው?»

«አልተቀዳም! እዚሁ ነው የሚሠራው። ይኸው ይዩ። ረጅሙ ሦስት ነው። ሌላ ቁጥር የለበትም።»

«አትዋሺኝ! በሽማግሌ ልትቀልጂ ነው ከሚዛን ድረስ የመጣሽው?»

አስካለች ከጓዳ፣ «አንተ ሰውዬ! የሰው ልጅ በቤትህ ይሰደባል?» አለች።

ያን ጊዜ ማሽኑ እንደገና ጀመረ።

«ምን ጻፍሽ አሁን?»

«ምንም...»

እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ።

ቴፒ... ቴፒ... ከማጂ...

ቴፒ... ቴፒ... ከማጂ...

ከድምፁ ኋላ ሌላ ድምፅ ነበረ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ።

ማሽኗ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው የምታውቀው። ሃምሳ ስምንት ባይት ውስጥ ዝናብ አይገባም።

አስካለች እየሮጠች ወጣች። «ልብሴ! ዝናብ መጣ እኮ!»

ግቢው መሀል ቆማ ሽቅብ አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ገመዱ ላይ ያለው ልብስ ከደረቀ ቆይቷል። ተመለሰች።

ሩሐማ ፕሮግራሟን ዘጋች። ድምፁ አልቆመም። ላፕቶፑን ከደነችው። አልቆመም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ በራሱ ቆመ።

«ጋሼ...» አለች በሹክሹክታ። «ምን አለ?»

«ምንም። ተበላሽቷል።»

አላመነችኝም። ቦርሳዋን ከፍታ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጣች።

«አባቴ ኦፕሬተር ነበር። ማጂ። ጴጥሮስ ይባላል... ፕሮግራሙን የሠራሁት ሥራው ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ልስማ ብዬ ነው። ሌላ ነገር አልፈለግሁም ነበር።»

ደብተሩን ከፈተችልኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት መስመር አለ።

*ስምንት ሰዓት። ጠራሁ። መልስ የለም።*

*ስምንት ሰዓት። ጠራሁ። መልስ የለም።*

*ስምንት ሰዓት። ጠራሁ። መልስ የለም።*

«ሰው ግን ሌላ ነው የሚለው» አለች። «ሰው በወባ ሲያልቅ እሱ ሬዲዮው ላይ ተደፍቶ ተኝቶ ነበር ይላሉ። አልጠራም ይላሉ። የእርሻው መዝገብም እንደዚያ ነው አሉ። እኔ እሱ በሞተ በሁለተኛው ወር ተወለድኩ። ትምህርት ቤት ስሜ ‹የእንቅልፋሙ ልጅ› ነበር። እናቴ ገበያ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነው። ደፍታ ሞተች።»

ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች።

«እርስዎ ቴፒ ነበሩ። ጠርቷል ወይስ አልጠራም?»

«አልጠራም» አልኩ።

እንዲህ ብዬ ዋሸኋት። በሰባ ዓመቴ።

ደብተሩን ጠቀለለች። ላፕቶፑን ልትነካው ፈራች። «ነገ እወስደዋለሁ» ብላ ወጣች። ቴፒ ዘመድ ዘንድ ነበር ያረፈችው።

አሁን ለእናንተ ልንገራችሁ።

መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የዚያን ጥቅምት ጴጥሮስ ጠራ። ጥርት ብሎ ገባ። ልጽፍ እርሳሴን ሳነሳ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ትከሻዬን ያዘ። በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ሞርስ ባያውቅም ስምንት ሰዓት ላይ የሚጠራው ማጂ እንደሆነ ያውቃል።

«ምን ይላል?»

«አሥራ አንድ ሰው በወባ ወድቋል። ኪኒንና መኪና ላኩ ይላል።»

«መኪናው አንድ ነው። ቡና ጭኗል። ጅማ ይሄዳል።»

«ጌታዬ፣ ሰው እየሞተ ነው።»

«አንተ አልሰማህም። ጻፍ፦ ‹ማጂ አልጠራም›።» ከዚያ ሳቀ። «ኪኒን ከፈለገ በእግሩ ይምጣ። ስድስት ቀን ነው።»

ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሬዲዮውን ዘጋሁ።

በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛውም።

በአራተኛው ቀን ከፈትኩት። ማጂ ዝም ብሏል።

መንገዱ ሲከፈት ጴጥሮስን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገኙት። ጭንቅላቱ ጠረጴዛው ላይ፣ መሀል ጣቱ መምቻው ላይ። አስተውሉ፤ አልተነሳም። እኔ ስላልተቀበልኩት አልተነሳም። እነሱ ግን ተኝቷል አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከዓመታት በኋላ ሞተ። በሙዚቃ ተቀበረ፣ የሕይወት ታሪኩ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ቆሜ ሰማሁ። አፌ ውስጥ ያለውን ምራቅ የት እንደምተፋው ቸግሮኝ ዋጥኩት።

እሱን ነው ስረግም የኖርኩት። የጻፈችው እጅ ግን የኔ ናት።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ከቤት ወጣሁ። ቡናው መሀል ገባሁ።

ቅጠሉ ሁሉ ደረቅ ነው። ሆኖም ከላዬ ዝናብ ይወርዳል። እሰማዋለሁ። አንዲት ጠብታ አልነካችኝም።

ተናድጄ ተመለስኩ። «ምን ፈለግህ!» እያልኩ። ጎረቤት ሰምቶኛል።

ላፕቶፑ እንደተከደነ ይጠራል። ቴፒ... ቴፒ... ከማጂ...

ሩሐማ መጥታ ኖሮ በሩ ሥር ቆማለች። አስካለች እጇን ይዛታለች።

«በዚህ ነገር እንዴት ነው የሚጻፈው?» አልኳት።

ከፈተችልኝ። የ«ተቀብያለሁ»ን ፊደል አሳየችኝ። ራሴ በጣቴ ተጫንኳት። ማሽኑ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር አለ።

ዝም አለ።

ዝናቡም ዝም አለ።

አስካለች ተነፈሰች። «እሰይ...»

ከዚያ በቀስታ፣ እየጎተተ፣ መለሰ።

ጽፈሃል...?

ጽፈሃል...?

አጠገቤ ቆሞ የጠየቀኝ ያህል ነው የሰማሁት። ሕጉን ያውቃል። ሳልጽፍ መቀበል አልችልም። ሳልጽፍ እንደተቀበልኩም አወቀ።

«ምን አለ?» አለች ሩሐማ።

ፊቴን አዞርኩ።

«ጋሼ፣ ምን አለ? እኔ በሰንጠረዥ አንድ አንድ ፊደል እየፈለግሁ ነው፣ አልደርስበትም። እርስዎ ገብቶዎታል። ፊትዎ ላይ አየሁት!»

«ነገ ነይ» አልኳት። «ሳይረፍድ ነይ። ሰባት ሰዓት ተኩል።»

ሦስት ቀን ነበር የጠራው። ማክሰኞ አንድ። ረቡዕ ሁለት። አራተኛ ቀን እንደሌለ አውቃለሁ።

ሐሙስ ከሳጥኔ ሥር መምቻዬን አወጣሁ። ከእርሻው ስወጣ ይዤው የመጣሁት ነው። ሽቦ የለውም። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገቡ።

አስካለችን ተቀመጪ አልኳት። ሩሐማንም።

«አሁን የምትሰሙትን ከሰማችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ስምንት ሰዓት።

ቴፒ... ቴፒ... ከማጂ...

ዝናቡ ከቀድሞው ከበደ። ረጅሞቹ ረዘሙ። እጁ እየደከመ ነበር።

ጻፍኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልጻፍኩትን ጻፍኩ። ፊደል በመጣ ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«አሥራ አንድ ሰው ታሟል...

ኪኒን ላኩ። መኪና ላኩ...

ሁለቱ ዛሬ ሞቱ...

እኔም ጀምሮኛል...

ዓለምሰገድ፣ እንዳለህ አውቃለሁ...

መልስ እጠብቃለሁ። ከወንበሬ አልነሳም።»

ሩሐማ አፏን በእጇ ይዛለች።

ከሥሩ ጨመርኩ፦ *ይህን መልእክት ጥቅምት 1981 ሰምቻለሁ። ማጂ ሦስት ቀን ጠርቷል። ‹አልጠራም› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።* ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ማሽኑ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ዝናቡ ብቻ ይወርዳል።

መምቻውን ያዝኩ። ጣቴ ዝጎ ነበር፤ ብረቱ ግን አልዛገም።

አጭር።

ረጅም።

አጭር።

ሽቦ የለውም ብያችኋለሁ። ድምፁ ግን ከላፕቶፑ ወጣ። በእኔ እጅ።

...

ዝናቡ ቆመ።

ከዚያ ወንበር ሲሳብ ሰማን። እንጨት ወለል ላይ። ብዙ ዘመን የተቀመጠ ሰው ሲነሳ እንደሚያቃስተው፣ አንድ ሰው አቃሰተ።

እርምጃ። እርምጃ። እርምጃ።

የበር ማጠፊያ ጮኸ።

ከዚያ ወዲያ ምንም።

አስካለች ናት መጀመሪያ የተናገረችው። እየጮኸች አልነበረም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አርባ ዓመት ከማን ጋር ነው የተኛሁት?» አለች።

ሩሐማ ወረቀቱን አነሳች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይቅር ትለኛለች ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አላለችኝም።

«ማክሰኞ ዓይንዎን አይቼ ጠየቅሁዎ» አለች።

«አዎ።»

«ዋሹኝ።»

«አዎ።»

«እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች።»

«አዎ።»

«ሌላ ቃል የለዎትም?»

እሁድ ሸዋ ቤንች፣ የአባቷ ዘመዶች በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን፣ ወረቀቱ በሕዝብ ፊት ይነበባል አለች። «ራስዎ ያነቡታል።»

ሄድኩ። አነበብኩ። ድምፄ እንዲሰማ ቆሜ። አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ፊቴ ላይ ተፋ። አልጠረግሁትም። አንዲት አሮጊት ሩሐማን አቅፋ፣ «የጴጥሮስ ልጅ» አለቻት። ሩሐማ እንደ ሕፃን አለቀሰች። በዚያ ስም ሲጠሯት የመጀመሪያዋ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያልቅ አልጽፍላችሁም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የሳቀውን ታስታውሳላችሁ። በእግር ስድስት ቀን።

ከወንበሩ የተነሳው ሐሙስ ነው። በማግስቱ አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ስድስተኛው ቀን ረቡዕ ላይ ዋለ።

ሩሐማም ቆጥራ ኖሮ ሳልጠራት መጣች። አስካለች ከሐሙስ ወዲህ አታናግረኝም። ግን አጠገቤ ተቀመጠች።

ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት አልወጣሁም። የቆርቆሮ በሩን ዘግቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ያጋግለዋል። ሦስት ሳምንት ጠብታ አልጣለም። ግቢው አቧራ ነው።

ውጭ የሚራመድ አልሰማንም። ውሻ አልጮኸም።

ብቻ በሩ ላይ፣ በትከሻ ከፍታ...

አንዴ መታ።

ከዚያ ጣቱን ቆርቆሮው ላይ ጎተተ። ቀስ ብሎ። ከሚገባው በላይ ረጅም አድርጎ።

ከዚያ አንዴ መታ።

አጭር። ረጅም። አጭር።

ተቀብያለሁ።

ሩሐማ ሮጣ በሩን ከፈተችው። ማንም የለም። አቧራው ላይ ዱካ የለም።

ቆርቆሮው ላይ ግን የእጅ ምልክት አለ። ቀይ ጭቃ፣ እንደ ማጂ መንገድ አፈር ያለ። አራቱ ጣቶች ሙሉ ናቸው። አመልካቹ ከግማሽ ይቆማል።

አስካለች ልታጥበው ጨርቅ ይዛ መጣች።

«ተዪው» አልኳት።

ይህን ስጽፍ ሁለት ወር አልፎታል። በሩ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው።

ጭቃው እስካሁን እርጥብ ነው።